ኤ32 ቻርጅ አይቀበልም፣ ጀርባውም ተነስቷል፤ ነገ ሰሪ ጋ ከመውሰዴ በፊት ምን ላድርግ?

የሰሚቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ስልኩ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ32 ነው፣ አራት ዓመት ሠርቷል። ላለፉት ሁለት ሳምንታት ቻርጅ የሚቀበለው ገመዱ ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ሲያዝ ብቻ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ስሰካው የውኃ ጠብታ ምልክት ያሳያል እንጂ አይሞላም። ውኃ ግን አልነካውም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የጀርባ ክዳኑ በግራ በኩል መሃል ላይ ጥፍር የሚያስገባ ያህል ተነስቷል። አሁን 34 በመቶ አለው።

ሰፈር ያለ ሰሪ ሳይከፍተው "ቦርዱ ሄዷል፣ ጥለሽው ሂጂና ማታ ነይ፣ የመክፈቻውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊልኝ" ብሎኝ ሳልሰጠው ተመለስኩ። ቴሌብሩ፣ ባንኩ፣ ፋይዳው፣ የልጄ ፎቶዎች ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። ፎቶና ቪዲዮው ብቻ 42 ጊጋ ባይት ገደማ ነው፣ ሌላ ቦታ አልተቀመጠም። ነገ ቅዳሜ መርካቶ ወይም መገናኛ ልወስደው ነው። ከመሄዴ በፊት ምን ላድርግ? እዚያስ ደርሼ ምን ልበል? ቦርድ ሄዷል የሚባለውስ በምን ይታወቃል? በጣም ጨንቆኛል፣ የምታውቁ እባካችሁ።

መልቲሜትር

እህቴ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይና ገመዱን ንቀዪ። ሰሪ እጅ እስኪገባ ድረስም ዳግመኛ እንዳትሰኪው። ያለብሽ ሁለት ችግር ነው፦ የቻርጅ ሶኬትና ያበጠ ባትሪ። ሶኬቱ ጊዜ ይሰጥሻል፣ ባትሪው አይሰጥም።

ማበጡን ለማረጋገጥ ከውጭ የሚለበሰውን ከቨር (የጀርባ ክዳኑን አይደለም) አውልቂና ስልኩን ስክሪኑን ወደ ታች አድርገሽ ልሙጥ ጠረጴዛ ወይም መስታወት ላይ አስተኚው። በጀርባው አስተኝተሽ አትፈትኚው፣ ካሜራው ወጣ ስለሚል ጤነኛውም ይናጣል። ከዚያ ዝቅ ብለሽ ከጎን በሌላ ስልክ መብራት አብሪበት። ስክሪኑ መሃሉ ጠረጴዛውን ነክቶ ዳርና ዳሩ ላይ ብርሃን ካሳለፈ እብጠቱ ስክሪኑንም መግፋት ጀምሯል ማለት ነው። ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ጀርባው ብቻ ከተነሳ ገና ሳይከፋ ደርሰሽበታል።

የሚያብጠው ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየፈረሰ ጋዝ ስለሚያወጣ ነው። ባትሪው ዙሪያውን የታሸገ ስስ ከረጢት ስለሆነ ጋዙ መውጫ የለውም። ይህ የስልኩ አሠራር ጉድለት ሳይሆን የዕድሜና የሙቀት ውጤት ነው። ሌሊቱን ትራስ አጠገብ ቻርጅ ላይ ማደሩ፣ ደካማ ቻርጀር፣ ላልቶ የሚግል ሶኬት ያፋጥኑታል። አደጋው ያለው መጫንና መውጋት ላይ ነው፤ ውስጡ ያሉት ሁለቱ ንብርብሮች በስስ ላስቲክ ብቻ ስለሚለያዩ ሲነካኩ እሳት ይነሳል። ስለዚህ ጀርባውን በጣት ገፍተሽ "ልመልሰው" አትበዪ፣ በላስቲክም አትሰሪው። ፍሪጅ ውስጥም አታስገቢው፣ ስታወጪው ውስጡ ጤዛ ይይዛል።

34 በመቶ ላይ መሆኑ አያስጨንቅሽ። ባትሪ የያዘው ቻርጅ ባነሰ ቁጥር ቢጎዳ እንኳ የሚያወጣው እሳት ያነሰ ነው፣ ለመንገድ ይሄ ይሻላል። ስትሄጂ አጥፊውና በጨርቅ ጠቅልለሽ ከቦርሳሽ ላይኛው በኩል፣ ቁልፍና ሳንቲም የሌለበት ቦታ አድርጊው። የሱሪ የኋላ ኪስ አይሆንም፣ ታክሲ ውስጥም በሰውና በወንበር መሃል እንዳይጨመቅ። ድንገት ከጋለ፣ ፉጨት ካሰማ ወይም እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያለ ሽታ ካመጣ ወዲያው ደጅ አውጥተሽ ሲሚንቶ ወይም አፈር ላይ አድርጊውና ራቂ። ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

የውኃ ጠብታው ምልክት ውኃ አለ ማለት ብቻ አይደለም። ስልኩ የሶኬቱን ፒኖች እየለካ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የሚሾልክ ከመሰለው ምልክቱን ያወጣል። ላብ ያረጠበው የኪስ ብናኝ ወይም አረንጓዴ ዝገትም ያንኑ ያሳየዋል። ሁለት ሳምንት ገመድ ቀና አድርጎ መያዝ ያስፈለገው ሶኬት ደግሞ ወይ ብናኝ ጠቅጥቆታል ወይ መሃሉ ያለችው ምላስ ተጎድታለች። ስልኩን አጥፍተሽ በመብራት እዪው። ግራጫ ጥጥ የመሰለ ነገር ከታችኛው ወለል ላይ ከታየሽ በእንጨት ስቴኪኒ፣ ዳር ዳሩን ይዘሽ፣ ምላሷን ሳትነኪ አውጪው። መርፌ በፍጹም አይሆንም። ሩዝ ውስጥ መቅበርም አይጠቅምም፤ ዱቄቱ ሶኬት ውስጥ ገብቶ ሌላ ሥራ ይፈጥራል። ግን ጸዳ ብለሽ አትሰኪው፣ ባትሪው መጀመሪያ ይውጣ።

ጎተራ

ባትሪውን መልቲሜትር ነግሮሻል፣ እኔ ስለ ዳታው ልናገር። ስልኩ ዛሬ ስለሚበራ ዕድለኛ ነሽ፤ ይህን ዛሬ ማታ ካልጨረስሽ ነገ አትሂጂ።

42 ጊጋውን በቤት ዋይፋይ ወደ ኢንተርኔት ልጫን ካልሽ አትደርሺበትም። የመጫኛው ፍጥነት በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ቢሆን 23 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ 34 በመቶው ከዚያ በፊት ያልቃል። በፍላሽ ላውጣው እንዳትዪም ፍላሹ የሚሰካው በዚያው በታመመው ሶኬት ነው። ያለሽ መንገድ ሚሞሪ ካርድ ነው። 64 ጊጋ ካርድ በቂ ነው፤ በሰከንድ 25 ሜጋ ባይት ቢጽፍ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ካርዱን ስትገዢ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ርካሽ ካርድ አትመኚ፤ ከውስጥ 8 ጊጋ ሆኖ ከላይ 512 የተለጠፈበት ገበያ ውስጥ አለ። ፋይሉን የተቀበለ ይመስልና ስትከፍቺው ባዶ ነው።

ስልኩን አጥፍተሽ ካርዱን አስገቢና አብሪው። የስክሪን ብርሃኑን ዝቅ አድርጊ፣ ኢንተርኔቱን ዝጊ፣ ማይ ፋይልስ ውስጥ ገብተሽ ዲሲአይኤም (DCIM) የሚለውን የካሜራ ፎቶዎች ፎልደር ኮፒ አድርጊ። "ሙቭ" አትበዪ፤ መሃል ላይ ባትሪው ቢጠፋ የትኛው እንደተዛወረና የትኛው እንደቀረ መለየት ያስቸግራል። ፒክቸርስና ዳውንሎድም አይረሱ። የዋትስአፕ ፎቶዎች የሚገኙት አንድሮይድ ከዚያ ሚዲያ በሚለው ፎልደር ውስጥ ነው፣ ብዙ ሰው እሱን ይረሳል። ሲያልቅ ከካርዱ ላይ አንድ አሮጌ ፎቶ፣ አንድ አዲስ ፎቶ፣ አንድ ረጅም ቪዲዮ ከፍተሽ እስከ መጨረሻው እዪ። ከዚያ ካርዱን አውጥተሽ ቤት አስቀምጪ። የካርዱን ይዘት የስልኩ መቆለፊያ አይጠብቀውም፤ ማንም ሌላ ስልክ ላይ ከትቶ ያየዋል።

የቴሌግራም ንግግርሽ ሰርቨር ላይ ስለሆነ አይጠፋም፣ ሚስጥራዊ የሚባለው ቻት ሲቀር። ዋትስአፕ ግን ባክአፕ ካላደረግሽው ይጠፋል። የስልክ ቁጥሮችሽም ስልኩ ላይ ነው ወይስ ጉግል ላይ የተቀመጡት? ኮንታክትስ ውስጥ ገብተሽ አረጋግጪ።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ሌባ የሚፈልገው ስልኩን ሳይሆን ሲምሽን ነው። የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በአጭር መልእክት፣ ወደ ሲሙ ነው፤ የፋይዳም የባንክም እንዲሁ። ስለዚህ ሲሙን ቤት አውጪና ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ክተቺው። በ*127# ቴሌብርሽ እዚያም ይሠራል፣ ነገም ያለ ገንዘብ አትቀሪም። ሲሙን ማውጣቱ ለሰሪውም ይጠቅማል፤ የሲም ትሪው ሳይወጣ ስልኩ ሲፈታ ትሪውም ቦርዱም ሊጎዳ ይችላል።

የመክፈቻ ቁጥር አትስጪ። ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። ስልክ ጠፍቶ እያለም ቻርጅ ሲሰካ የባትሪ ምልክት ያወጣል፣ ሰሪው ሥራውን በዚያ ያያል። የቀረውን ራስሽ ከፍተሽ ትሞክሪያለሽ። ስልክሽ ወደ አንድሮይድ 13 አድጎ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ባትሪ ኤንድ ዲቫይስ ኬር የሚለውን ክፈቺና ሜንቴናንስ ሞድ የሚል ካለ አብሪው። ስልኩ ተነስቶ ባዶ መስሎ ይከፈታል፣ ፎቶም መልእክትም አይታይም፣ ወደ ነበረበት የሚመለሰው ባንቺ ቁልፍ ብቻ ነው። ከሌለ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ማሠራት ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ "ሶፍትዌር ነው፣ ፍላሽ እናድርገው" (የስልኩን ሶፍትዌር እንደገና እንጫነው) ከተባልሽ እምቢ በዪ። ገመድ ቀና ሲደረግ ብቻ የሚሠራ ስልክ በሽታው ሶፍትዌር አይደለም። ፍላሽ ማድረግ ዳታሽን ሊያጠፋው ይችላል፣ ቻርጅ የማይቀበል ስልክ ደግሞ ሥራው መሃል ላይ ከጠፋ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። የባንክ መተግበሪያሽንም እንደገና ማስመዝገብ ሊኖርብሽ ነው።

ብየዳ

ስለ ቦርዱ ልመልስልሽ። ስልክሽ ይበራል፣ ፎቶ ይከፍታል፣ ይደውላል። እንዲህ ያለ ስልክ ላይ "ቦርዱ ሄዷል" ማለት ምርመራ አይደለም። ልክ ሊሆን የሚችለው "ቦርዱ ላይ ያለችው የቻርጅ አይሲ (ቻርጅ የምትቆጣጠረዋ ቺፕ) ሄዳለች" ቢባል ነው፤ ያ ደግሞ ሌሎቹ ሁሉ ተፈትነው ካለፉ በኋላ የሚደረስበት የመጨረሻው ነገር ነው።

በዚህ ስልክ ውስጥ ሁለት ቦርድ አለ። ትልቁ ላይ በኩል ካሜራው አጠገብ ነው፣ ፕሮሰሰሩም ሚሞሪውም ዳታሽም ያለው እዚያ ነው። ትንሹ ታች ነው፤ የቻርጅ ሶኬቱ፣ ዋናው ማይክና የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ እሱ ላይ ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ከባትሪው ጋር የሚያልፍ ፍሌክስ የሚባል ጠፍጣፋ ገመድ ነው። ባትሪው ሲያብጥ ያንን ፍሌክስ ገፍቶ ከማገናኛው ሊያነሳው ይችላል፣ ስለዚህ ሁለቱ ችግሮችሽ አንድ ምንጭ ሊኖራቸውም ይችላል።

ደህና ሰሪ በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል። መጀመሪያ ጀርባውን ይከፍታል። ያበጠ ባትሪ ስላለው ብዙ ማሞቅ የለበትም፤ ጠርዙ ላይ አልኮል ጠብ እያደረገ በስስ ፕላስቲክ ካርድ ይዞራል። ብረት መላጫ ወደ መሃል ከሰደደ አስቁሚው፣ ከስሩ ባትሪው ነው ያለው። ብሎኖቹ ሲፈቱ ከሁሉ በፊት የባትሪው ማገናኛ ይነቀላል። ከዚያ የባትሪው ሙጫ በአልኮል ተለቆ፣ ሳይታጠፍ፣ በሰፊ ፕላስቲክ ይነሳል። የሚጠቀመው አልኮል 90 በመቶና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ሲሦው ውኃ ስለሆነ ለቦርድ አይመረጥም።

ቀጥሎ ያለውን ነው ቆመሽ የምታዪው። ባትሪው ወጥቶ ስልኩ ከፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪክ እየሰጠ የሚስበውን አምፒር ከሚያሳየው መሣሪያ) 4 ቮልት ይሰጠዋል። የማብሪያው ቁልፍ ሳይነካ አምፒሩ ዜሮ ወይም ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ሳይበራ ኤሌክትሪክ ከሳበ ቦርዱ ላይ ሾርት (መነካካት የሌለባቸው መስመሮች መነካካት) አለ። ዜሮ ሆኖ፣ ሲበራ ቁጥሩ ከፍና ዝቅ እያለ ስልኩ ከተነሳ ቦርዱ ደህና ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ቦርድ ሄዷል የሚልሽ ሰው ይህን ቁጥር ያሳይሽ፤ ፓወር ሰፕላይ ከሌለው ቦርድ ላይ ፍርድ መስጠት አይችልም።

ከዚያ የሚሠራ ትንሽ ቦርድ ተውሶ ማገናኘት ነው። ጤነኛ ባትሪ ገብቶ በዩኤስቢ መለኪያ ሲታይ፣ በስልኩ ፈጣን ቻርጀር 9 ቮልትና ከ1 አምፒር በላይ፣ በተራ ቻርጀር 5 ቮልትና ከ1 አምፒር በላይ ከሳበ ችግሩ ትንሹ ቦርድ ነበር። ካልሳበ ፍሌክሱ ይቀየራል። ፍሌክሱም ተቀይሮ ካልሳበ ያኔ ስለ ትልቁ ቦርድ ማውራት ይቻላል። ሰፈር ያለው ሰው ከመጨረሻው ነው የጀመረልሽ።

ዕቃ ስትጠይቂ "ኤ32" ብቻ አትበዪ። የ4ጂው ኤ325፣ የ5ጂው ኤ326 ነው፤ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ስክሪናቸውም ትንሹ ቦርዳቸውም የተለያየ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ አባውት ፎን ላይ ሞዴሉን ፎቶ አንሺ። በ*#06# የሚወጣውን አይኤምኢአይም (የስልኩን መለያ ቁጥር) አብረሽ ያዢ፤ ትልቁ ቦርድ ቢቀየርብሽ የምታውቂው በሱ ነው።

የሰሚቷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮፒው አልቋል፣ ከካርዱ ላይ ከፍቼ አይቻለሁ፣ 21 በመቶ ቀርቶታል፣ አጥፍቼዋለሁ። ሞዴሉ ኤ325ኤፍ ነው። ስክሪኑ ቀጥ ያለ ነው፣ የተነሳው ጀርባው ብቻ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፦ "ኮፒ ባትሪ ነው ግን ከኦሪጅናል እኩል ነው" ቢሉኝ በምን እለያለሁ? ሶኬቱን ብቻ በብየዳ ልቀይርልሽ ወይስ ሙሉ ትንሹን ቦርድ ብባልስ የቱን ልምረጥ?

ብየዳ

ሶኬቱ ብቻ ከሆነ የተበላሸው፣ የነበረውን ኦሪጅናል ቦርድ ይዞ ሶኬቱን መቀየር ይሻላል፤ ግን እጁ ደህና ለሆነ ሰው ነው። ከሶኬቱ ፒኖች የተወሰኑት ከሆዱ ስር ስለሆኑ በዓይን አይታዩም። አንዱ በደንብ ካልያዘ ቻርጅ ያደርግና ኮምፒውተር ላይ ግን አይታይም፣ ወይም በአንድ በኩል ሲሰካ ሠርቶ ሲገለበጥ እምቢ ይላል። ስለዚህ ገመዱን በሁለቱም ገጽ አገላብጠሽ ሞክሪ። ሙቅ አየሩ በዝቶበት አጠገቡ ያለው ማይክ ከተቃጠለ ደግሞ ድምፅሽ ለሰው አይሰማም።

ሙሉ ቦርዱ ፈጣን ነው፣ በብሎንና በማገናኛ ብቻ ይገባል። ችግሩ ኮፒ ቦርዶች ላይ አንዳንድ ዕቃዎች ይጎድላሉ። ቻርጅ ይቀበላል ግን ፈጣን ቻርጅ አይሠራም፣ ማይኩም የሻከረ ይሆናል። ሰሪው ከሌላ ከተበላሸ ኤ325 የወጣ ኦሪጅናል አለኝ ካለሽ፣ ሶኬቱ ያልላላ ከሆነ፣ እሱን ውሰጂ። አሮጌውን ቦርድ ግን ተቀብለሽ ሂጂ፣ ያንቺ ነው።

መልቲሜትር

ባትሪውን በተመለከተ፦ የወጣውን ፎቶ አንሺና ላዩ ላይ ያለውን ኮድ ከአዲሱ ጋር አስተያዪ። የዚህ ስልክ ባትሪ 5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው። አዲሱ 6000 ወይም 7000 የሚል ከሆነ ተይው፣ በዚያው ስፋትና ውፍረት ውስጥ ያን ያህል አይገባም። ሁለቱን በሁለት እጅሽ መዝኚ፤ ቀለል ያለው ውስጡ ያነሰ ነው። ከመግባቱ በፊት በመልቲሜትር ይለካ። መጋዘን የቆየ ጤነኛ ባትሪ ከ3.7 እስከ 3.9 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ ከ3 በታች የወረደውን አትቀበዪ። ርካሽ ኮፒዎች ሙቀት የምትለካዋን ክፍል ያበላሹባታል፣ ስልኩም ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ "በጣም ሞቋል" ብሎ ቻርጅ ያቆማል።

ዋጋውን ሳይከፈት ተነጋገሪ፦ ባትሪው ስንት፣ ትንሹ ቦርድ ስንት፣ የእጅ ስንት፣ ተከፍቶ ካልተሠራስ ስንት። ደረሰኙ ላይ ቀኑ፣ አይኤምኢአዩ፣ የተቀየረው ዕቃና የዋስትናው ቀን ይጻፍ።

ክፍያ ከመክፈልሽ በፊት ጀርባው ሳይለጠፍ ራስሽ ክፈቺና *#0*# ደውይ። የሳምሰንግ መፈተሻ ይከፈታል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እየነካሽ የሞተ ነጥብ እንዳለ እዪ፣ ተች (Touch) የሚለውን ከፍተሽ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር በጣትሽ አቅልሚው። ከዚያ ድምፅ ቅጂና አዳምጪ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክተሽ ሞክሪ፣ ሁለቱም ትንሹ ቦርድ ላይ ናቸውና። ሲም ይዘሽ ካልሄድሽ የሰሪውን ሲም አስገብተሽ የኔትወርክ መስመሩን ተመልከቺ። ሁለቱን ቦርዶች የምታገናኝ ቀጭን የአንቴና ሽቦ አለች፤ ሲገጠም በደንብ ካልተጫነች ኔትወርኩ ቤት ስትደርሺ ነው የሚጠፋው። ከዚያ ያንቺን ቻርጀር ሰክተሽ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ፣ ቻርጀሩ ፈጣን ከሆነ ከ20 በመቶ በላይ መጨመር አለበት። ለብ ማለቱ ጤና ነው፣ እጅ የማያስይዝ ከሆነ አይደለም።

ክዳኑ ሲለጠፍ ሙጫው ትኩስ ስለሚሆን ለጥቂት ሰዓት በጎማ ይታሰር፤ አዲሱ ባትሪ ስላላበጠ አሁን መታሰሩ ችግር የለውም። ውኃ የመከላከል ነገር ግን አትጠብቂ፣ ይህ ሞዴል ሲፈበረክም አልነበረውም። ያበጠውን ባትሪ ቤት ይዘሽ አትመለሺ፣ ቆሻሻ ውስጥም አይጣል፤ ጫፉ በፕላስተር ተሸፍኖ ሰሪው ጋ አሸዋ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ይግባ። ነገ ማታ የመጀመሪያውን ቻርጅ ስታደርጊ ነቅተሽ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ይሁን።